የጥልቁንና የከፍታውን አየር የመረመረ ሊቅ፤ የጆን ስኮት ሆልዴን ሕይወት

የጣና ሐይቅ የሚታወቀው በገዳማቱ፥ በደንገል ታንኳውና በዓሣው ነው። ስለ ሐይቁ የሚነገረውም የሚጻፈውም አብዛኛውን ጊዜ ከውሃው ፊት በላይ ስላለው ነገር ነው። ከውሃው በታች ያለው ትዝ የሚለን አንድ ነገር ሲጠፋ ብቻ ነው፤ ጀልባ ሲገለበጥ፥ ሞተር ሲወድቅ፥ ከሁሉም ይልቅ ሰው ሲሰጥም። በዚያን ጊዜ ወደ ታች ወርዶ የሚፈልግ ሰው ያስፈልጋል። ወርዶ የሚፈልገውም ሰው የእናት ልጅ ነውና በደኅና መመለስ አለበት።

መውረዱን ደፋር ሁሉ ይችለው ይሆናል፤ ጥበብ የሚጠይቀው መመለሱ ነው። ጠላቂ ከጥልቅ ውሃ እንዴት በሰላም እንደሚመለስ በስሌትና በፈተና ለይቶ ለዓለም ያስተማረው ሰው የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነ አንድ ሐኪም ነው። ስማቸው ጆን ስኮት ሆልዴን ይባላል። ዛሬ በባሕር ውስጥ የሰጠሙ መርከቦችን ለማየትም ሆነ ዕቃ ለማውጣት የሚወርድ ጠላቂ ሁሉ፥ ስማቸውን ቢያውቅም ባያውቅም፥ በእሳቸው ትምህርት ይጠቀማል። የእኚህ ሊቅ ሕይወት ለጣና ዳር ነዋሪም የሚነግረው ልዩ ቁም ነገር ስላለው፥ እነሆ ታሪካቸውን ባጭሩ እናቀርባለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሆልዴን የተወለዱት በ1860 በኤድንበርግ ከተማ ነው። አባታቸው የሕግ ሰው ነበሩ። ቤተ ሰቡ ሀብትም ስምም የነበረው ሲሆን፥ ወንድማቸው ሪቻርድ ሆልዴን በኋላ የእንግሊዝ የጦር ሚኒስትር ለመሆን በቅተዋል። የቤተ ሰቡ አርማ የያዘው ቃል አንድ ብቻ ነበረ፤ ትርጉሙም መከራን ቻል እንደ ማለት ነው። ጆን ሆልዴን ይህን ቃል በሹመት ወይም በጦር ሜዳ ሳይሆን በሳይንስ ሥራ ላይ አዋሉት። በኤድንበርግ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1884 ተመረቁ። ነገር ግን እንደ ጓደኞቻቸው የሕክምና ቤት ከፍተው በሽተኛ መቀበልን አልመረጡም። ልባቸውን የሳበው ማንም ሰው የማያስተውለው፥ ነገር ግን ሁሉም የሚኖርበት ነገር ነው፤ ይኸውም የምንተነፍሰው አየር ነው።

የመጀመሪያ ሥራቸውን የጀመሩት ደንዲ በምትባለው የስኮትላንድ የፋብሪካ ከተማ ነው። በዚያች ከተማ ብዙ ሠራተኞች ከነልጆቻቸው በአንድ ክፍል ተጨናንቀው ያድሩ ነበረ። ወጣቱ ሐኪምና ጓደኞቻቸው በሌሊት፥ ሰው ተኝቶ ሳለ፥ በየቤቱ እየዞሩ በጠርሙስ አየር ይቀዱ ነበረ። የአየሩንም መቆሸሽ ለክተው የአንድ ክፍል ቤት አየር ከሰፊው ቤት አየር ምን ያህል እንደሚከፋ በቁጥር አሳዩ። ቢሮ ተቀምጦ ስለ ድኻው ጤና መጻፍ ይቻል ነበረ፤ እሳቸው ግን የድኻውን አየር ራሳቸው ሄደው ቀዱት። ይህ ልማድ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ አልተለያቸውም።

ከዚያም አጎታቸው የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ወደ ነበሩበት ወደ ኦክስፎርድ ሄደው ምርምራቸውን ቀጠሉ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ አገር ሀብት የቆመው በድንጋይ ከሰል ላይ ነበረ። በከሰል ጉድጓዶችም ውስጥ ፍንዳታ በየጊዜው እየተነሣ ብዙ ሠራተኛ ይፈጅ ነበረ። በ1896 ታይለርስታውን በሚባል የዌልስ ከሰል ማውጫ ፍንዳታ ተነሥቶ 57 ሰዎች ሞቱ። ሆልዴን ወደ ጉድጓዱ ወርደው የሟቾቹን አስከሬን መረመሩ። ብዙዎቹ የሞቱት በፍንዳታው ኃይል ወይም በእሳቱ እንዳልሆነ ተረዱ። የገደላቸው ከፍንዳታው በኋላ በጉድጓዱ ውስጥ የተሰራጨው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነበረ። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በእኛ አገር በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው የሚተኙ ሰዎችን ሳያስነቃ የሚገድለውም ይኸው ጋዝ ነው።

ሆልዴን የዚህን ጋዝ ሥራ ለማወቅ የተጠቀሙት በራሳቸው ሰውነት ነው። ጋዙን እየለኩ ተነፈሱት፤ ደማቸው ከግማሽ በላይ በጋዙ እስኪያዝ ድረስም ምልክቱን በየደቂቃው ይጽፉ ነበረ። ከዚህም ጥናት ለሠራተኛው የሚጠቅም ቀላል ምክር ወጣ። ትንሽ እንስሳ ከሰው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ መርዙ ቀድሞ ይይዘዋል። ስለዚህ ወደ ጉድጓድ የሚወርዱ ሰዎች አይጥ ወይም ትንሽ ወፍ ይዘው ቢወርዱ፥ ወፏ ስትደክም አይተው ጊዜ ሳያልፍ ሊያመልጡ ይችላሉ። ካናሪ የምትባለው ቢጫ ወፍ በእንግሊዝ አገር የከሰል ጉድጓዶች እስከ 1986 ድረስ በዚህ ሥራ አገልግላለች።

በ1905 ሆልዴንና ፕሪስትሊ የተባሉት ባልደረባቸው ስለ አተነፋፈስ አንድ ትልቅ ነገር ገለጹ። የሰው ትንፋሽ በተለመደው ጊዜ የሚፈጥነውም የሚዘገየውም በኦክሲጅን ማነስ ሳይሆን፥ በሳንባ ውስጥ በሚጠራቀመው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ምክንያት መሆኑን አስረዱ። ይህ ዕውቀት ብዙም ሳይቆይ ወደ ባሕር መራቸው።

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በዚያን ጊዜ ሁለት ችግር ገጥሞት ነበረ። አንደኛው፥ የመዳብ ቆብ ደፍተው በቧንቧ አየር እየተላከላቸው የሚጠልቁት ሰዎች ጥቂት ጠለቅ ሲሉ እያለከለኩ፥ ራሳቸውንም እየሳቱ ሥራ ያቆሙ ነበረ። ሁለተኛውም፥ ከጥልቅ ውሃ የወጡት ጠላቂዎች በመርከቡ ላይ በደኅና ቆመው እያወሩ ሳሉ በድንገት መገጣጠሚያቸውን ያማቸዋል፤ አንዳንዶቹ እግራቸው ሽባ ይሆናል፤ አንዳንዶቹም ይሞታሉ። ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቁሞ ሆልዴን አባል ሆኑ።

የመጀመሪያውን ችግር ቶሎ ፈቱት። በባሕር ውስጥ ሰው በ10 ሜትር በወረደ ቁጥር በውጭ ካለው አየር ክብደት ጋር የሚተካከል ግፊት ይጨመርበታል። ስለዚህ በ10 ሜትር ላይ ግፊቱ ሁለት እጥፍ፥ በ30 ሜትር ላይ አራት እጥፍ ነው። ከላይ በፓምፕ የሚላከውም አየር በዚያው ልክ ይታመቃል። ከላይ ሲለካ ብዙ የነበረው አየር ከታች ሲደርስ ጥቂት ይሆናል፤ ቆቡን የሚያጥበው አየር ሲያንስም ጠላቂው ራሱ ያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሶ ይተነፍሳል። ሆልዴን በሰጡት መመሪያ የሚላከው አየር መለካት ያለበት በመርከቡ ላይ ሳይሆን ጠላቂው ባለበት ጥልቀት ነው። በ30 ሜትር ያለ ሰው በውሃው ፊት ካለው ሰው አራት እጥፍ አየር ያሻዋል ማለት ነው። ዛሬ የታመቀ አየር የያዘ ሲሊንደር በጀርባው ተሸክሞ የሚወርድ ጠላቂም ይህን ሕግ ማወቅ ግዴታው ነው፤ በጠለቀ መጠን ሲሊንደሩ ቶሎ ያልቅበታልና።

ሁለተኛው ችግር ግን ከባድ ነበረ። ፖል ቤር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ የሕመሙን ምክንያት በ1878 ገልጾት ነበረ። ከምንተነፍሰው አየር ከአምስት እጅ አራቱ እጅ ገደማ ናይትሮጅን ነው። ሰው በግፊት ውስጥ ሲቆይ ይህ ናይትሮጅን በደሙና በሥጋው ውስጥ እየሟሟ ይገባል። ግፊቱ በድንገት ሲቀነስም አረፋ ሆኖ ይወጣል። ይህን ለመረዳት የአምቦ ውሃ ጠርሙስ መመልከት ይበቃል። ክዳኑ በኃይል ሲከፈት ውሃው አረፋ እየደፈቀ ይፈሳል፤ በቀስታ ሲከፈት ግን ጋዙ ያለ ሁከት ይወጣል። የጠላቂውም ሰውነት እንደዚሁ ጠርሙስ ነው፤ አረፋው በመገጣጠሚያ ቢያዝ ያማል፥ በአከርካሪ ቢያዝ ያሽመደምዳል፥ በልብና በሳንባ ቢሞላ ይገድላል።

እንግዲህ ቀስ ብሎ መውጣት እንደሚገባ ከሆልዴን በፊትም ታውቆ ነበረ። ያልታወቀው ምን ያህል ቀስ ብሎ፥ የትስ ላይ ቆሞ የሚለው ነበረ። የቀድሞው ልማድ ከታች እስከ ላይ ባንድ ዓይነት ዝግታ መውጣት ነበረ። ሆልዴን ከጠላቂዎችና ከድልድይ ሠራተኞች ታሪክ አንድ ነገር አስተዋሉ። ግፊቱ ከሁለት እጥፍ ወደ አንድ ሲወርድ፥ ይኸውም ከ10 ሜትር ገደማ በቀጥታ ሲወጣ፥ የታመመ ሰው አልተገኘም። ስለዚህ ዋናው ነገር የግፊቱ ልዩነት ሳይሆን የግፊቱ ንጽጽር ነው ብለው አሰቡ። ከሁለት ወደ አንድ መውረድ የማይጎዳ ከሆነ፥ ከአራት ወደ ሁለት መውረድም አይጎዳም ማለት ነው።

ይህን ሐሳብ ለመፈተን ሎንዶን በሚገኘው በሊስተር ምርምር ቤት ውስጥ አየር የሚታመቅበት ትልቅ የብረት ክፍል አዘጋጁ። ቦይኮት የተባለው ሐኪምና ዳመንት የተባለው የባሕር ኃይል መኮንን ረዷቸው። ለፈተናውም የመረጡት እንስሳ ፍየል ነበረ። ፍየል በክብደትዋ ከአይጥና ከጥንቸል ይልቅ ለሰው ትቀርባለችና፥ ሕመም ሲሰማትም እግርዋን አንሥታ ስለምትቆም ምልክቱ በግልጽ ይታያል። በዚህ ምርምር የታመሙና የሞቱ ፍየሎች ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን ቀስ በቀስ፥ በእኩል ዝግታ ከወጡት ይልቅ በደረጃ እያረፉ የወጡት እንደሚድኑ ተረጋገጠ።

የሆልዴን ስሌት ሌላም ብልኅነት ነበረው። የሰው ሰውነት ናይትሮጅን የሚቀበለው ሁሉም ክፍል እኩል ሆኖ አይደለም። ይህን በወጥ ቤታችን ዕቃ ልንመስለው እንችላለን። የብረት ድስት ቶሎ ይሞቃል፥ ቶሎም ይቀዘቅዛል፤ የሸክላ ድስት ዘግይቶ ይሞቃል፥ ዘግይቶም ይቀዘቅዛል። ደም የሚበዛበት የሰውነት ክፍል እንደ ብረት ድስቱ ነው፤ ስብ ደግሞ እንደ ሸክላው ነው። ሆልዴን ሰውነትን በአምስት ክፍል መድበው፥ ከሁሉ የሚፈጥነው በ5 ደቂቃ፥ ከሁሉ የሚዘገየው በ75 ደቂቃ ግማሹን ያህል ናይትሮጅን እንደሚቀበል አድርገው አሰሉ። ከዚህም ስሌት ጠላቂ በየጥልቀቱና በየቆይታው የት ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚያርፍ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አወጡ። ለምሳሌ በ40 ሜትር ባሕር ውስጥ ያለ ሰው አምስት እጥፍ ግፊት ተሸክሟል። እስከ 15 ሜትር ድረስ ሳይዘገይ ይወጣል፤ በዚያ ግፊቱ ግማሽ ሆኗልና። ከዚያ በኋላ ግን በየ3 ሜትሩ እየቆመ፥ ወደ ላይ በቀረበ ቁጥርም ረዘም እያደረገ ያርፋል። ቀድሞ ጠላቂዎች የሚፈሩት ጥልቁን ነበረ፤ ሆልዴን ግን ከሁሉ ይበልጥ ትዕግሥት የሚያስፈልገው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች መሆኑን አሳዩ።

በኦገስት 1906 ፈተናው ከብረት ክፍሉ ወደ ስኮትላንድ ባሕር ተዛወረ። ዳመንትና ካቶ የተባሉ ሁለት ጠላቂዎች በሠንጠረዡ እየተመሩ እየጠለቁ ሄዱ። ዳመንት 64 ሜትር ወርዶ በደኅና ተመለሰ። ካቶ ግን ከታች ሳለ ገመዱ ተጠላልፎበት ከታሰበው ጊዜ በላይ ቆየ። ከላይ የነበሩት ሰዎች ደንግጠው በአንድ ጊዜ ጎትተው ቢያወጡት ኖሮ ይሞት ነበረ። እነርሱ ግን የጨመረውን ደቂቃ አስልተው በየማረፊያው ረዘም አድርገው አስቆሙትና በሕይወት ወጣ። በዚሁ ጊዜ የ13 ዓመት ልጃቸው ጃክም የጠላቂ ልብስ ለብሶ ወርዷል። ልብሱ ለሰውነቱ ሰፊ ስለ ነበረ ውሃ ገባበት፤ በደኅና ቢወጣም፥ አንድ አባት ልጁን ለእንዲህ ያለ አደጋ መስጠቱ በዛሬ ሰው ዓይን የሚያስወቅስ ነው። ልጁ አድጎ የታወቀ የሥነ ሕይወት ሊቅ ሆነ፤ እንደ አባቱም በገዛ ሰውነቱ ላይ ብዙ ፈተና አደረገ። እኅቱ ናኦሚ ሚቺሰንም ታላቅ ደራሲ ሆናለች። ባሕር ኃይሉ ሠንጠረዡን ተቀበለ፤ የምርምሩም ሙሉ ጽሑፍ በ1908 ታተመ።

በ1911 ደግሞ ሆልዴን ከጥልቁ ወደ ከፍታው ፊታቸውን መለሱ። ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር በኮሎራዶ ክፍለ አገር ፓይክስ ፒክ ወደሚባለው ተራራ ወጡ። የተራራው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 4,300 ሜትር ነው። በዚያ ለሳምንታት ተቀምጠው፥ አየሩ ሲሳሳ የሰው ትንፋሽና ደም እንዴት እንደሚለዋወጥ መረመሩ። መጀመሪያ ላይ ከንፈራቸው እየጠቆረ፥ ራሳቸውን እያመማቸው ይቸገሩ ነበረ፤ ቀኑ ሲሰነብት ግን ሰውነታቸው ለመደው። በዚህ ዓይነት አንድ ሰው የጥልቁን ከባድ አየርና የከፍታውን ቀላል አየር ሁለቱንም መረመረ። እነዚህ ሁለት ዕውቀቶች የሚገናኙበት ስፍራ በዓለም ላይ ጥቂት ነው። ከእነዚያም አንዱ ጣና ነው፤ ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለሳለን።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ በሁለተኛው ዓመት፥ በኤፕሪል 1915፥ የጀርመን ጦር በቤልጅግ አገር የክሎሪን ጋዝ ለቀቀ። የእንግሊዝ መንግሥት ሆልዴንን ወደ ጦር ሜዳው ላካቸው፤ እሳቸውም ጋዙ ክሎሪን መሆኑን አረጋገጡ። ወደ ቤታቸውም ተመልሰው መከላከያ ጭንብል ለመሥራት ከባልደረቦቻቸው ጋር ጋዙን ራሳቸው እየተነፈሱ ፈተኑት። በዚያው ወራት ወንድማቸው ሪቻርድ ሆልዴን ለጀርመን ያደላል በሚል የጋዜጣ ሐሜት ከሚኒስትርነታቸው ወረዱ። አንደኛው ወንድም በአገር ጠላትነት ሲታማ ሌላው ለአገሩ ወታደር መርዝ ይተነፍስ ነበረ ማለት ነው።

የሠንጠረዡ ትክክለኛነት በትልቅ ሥራ የተፈተነው በዚህ ጦርነት ዘመን ነው። በጃንዋሪ 1917 ሎረንቲክ የምትባል የእንግሊዝ መርከብ ከአየርላንድ በስተ ሰሜን በጀርመን ፈንጂ ተመትታ ሰጠመች። በውስጧም 3,211 የወርቅ ጡብ ነበረ። መርከቧ የተቀመጠችው በ40 ሜትር ጥልቀት ላይ ነበረ። ወርቁን እንዲያወጣ የተሾመው ያ የፍየሎቹ ምርምር ረዳት ዳመንት ነው። ማዕበሉ መርከቧን እየሰባበረ፥ ብረቱ እየተደረመሰ፥ አሸዋውም የተቆፈረውን እየመለሰ ሥራው እስከ 1924 ቆየ። ጠላቂዎቹ በሺሕ የሚቆጠር ጊዜ እየወረዱ 3,186 የወርቅ ጡብ አወጡ። በዚህ ሁሉ ሥራ አንድም ጠላቂ አልሞተም። ከወርቁ ይልቅ የሚያስደንቀው ይህ ነው።

ሆልዴን በእርጅናቸውም አላረፉም። በፍልስፍናም ብዙ ጽፈዋል፤ ሕይወት ያለው ነገር እንደ መኪና በብልቱ ተነጣጥሎ ብቻ ሊገለጽ አይችልም የሚለው እምነታቸው ወጣት የሳይንስ ሰዎችን፥ የገዛ ልጃቸውንም ጭምር፥ አላስማማም። ሠንጠረዣቸውም እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። ለረጅም ጊዜና በጣም ጠልቆ ለሚቆይ ሰው የግማሽ በግማሽ ደንቡ እንደማይበቃ በኋላ ታውቆ፥ ሌሎች ሊቃውንት አሻሽለውታል። በ75 ዓመታቸው የነዳጅ ዘይት ሠራተኞችን የሚገድለውን የሙቀት ሕመም ለመመርመር ወደ ፋርስና ወደ ዒራቅ ተጓዙ። ከዚያ እንደ ተመለሱም የሳንባ ምች ይዟቸው በማርች 1936 ኦክስፎርድ ውስጥ በመኖሪያ ቤታቸው ሞቱ።

ከሞቱ በኋላ ትምህርታቸው ወደ እኛ አካባቢም ቀረበ። በ1941 የጣሊያን ጦር ምጽዋን ሲለቅ ወደቡን ለመዝጋት ብዙ መርከቦችንና የመርከብ መጠገኛ ተንሳፋፊ መድረኮችን አሰጠመ። በ1942 ኤልስበርግ የተባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ጥቂት ጠላቂዎች ይዞ በዚያ ከባድ ሙቀት ውስጥ መድረኮቹንና መርከቦቹን እያነሣ ወደቡን ከፈተ። የአሜሪካ ጠላቂዎች ይመሩበት የነበረው ሠንጠረዥ ሥሩ የሆልዴን ስሌት ነው። በ1943 ኩስቶና ጋኛን የተባሉት ፈረንሳውያን በጀርባ የሚታዘል የአየር መሣሪያ ሠርተው ጠላቂውን ከቧንቧ ነፃ አወጡት። ዛሬ ጠላቂዎች በእጃቸው የሚያስሩት ትንሽ የስሌት መሣሪያም የሚሠራው ሰውነትን ፈጣንና ዘገምተኛ ብሎ በከፈለው በዚያው ሐሳብ ነው።

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። ሆልዴን ሠንጠረዡን የሠሩት ለባሕር ነው፤ ስሌቱ የሚጀምረው በባሕር ወለል ካለው የአየር ግፊት ነው። ጣና ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ በባሕር ዳር ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከመቶ 81 እጅ ያህል ብቻ ነው። ዋናው ነገር ንጽጽር ነው የሚለውን የሆልዴንን ደንብ ካስታወስን፥ ውጤቱን ራሳችን ማስላት እንችላለን። በባሕር ግፊቱ ሁለት እጥፍ የሚሆነው በ10 ሜትር ነው፤ በጣና ግን 8 ሜትር ከጥቂት ሲወረድ ሁለት እጥፍ ይሆናል። የጣና ከፍተኛ ጥልቀት 14 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ጥልቀት የቆየ ሰው፥ ሲወጣ የሚጠብቀው አየር ቀላል ስለሆነ፥ በባሕር 17 ሜትር ያህል እንደ ወረደ ሰው መቆጠር አለበት።

ስለዚህ ለባሕር የተዘጋጀ ሠንጠረዥ በጣና ላይ እንዳለ ቢሠራበት ጠላቂውን ያታልለዋል። መሣሪያውም ሊያታልል ይችላል፤ ዜሮው በባሕር ወለል የተስተካከለ አንዳንድ የጥልቀት መለኪያ በጣና ላይ ከእውነተኛው ጥልቀት 2 ሜትር ገደማ አሳንሶ ያሳያል። ከቆላ ወይም ከባሕር ጠረፍ ባውሮፕላን የመጣ ጠላቂም በደረሰበት ሰዓት ቢወርድ፥ ሰውነቱ የቆላውን ናይትሮጅን ገና አላራገፈምና ከደገኛው ይልቅ ይጎዳል። ከጠለቀ በኋላ ወዲያው ወደ ደብረ ታቦር ከፍታ በመኪና መውጣት ወይም ባውሮፕላን መሳፈርም በመጨረሻው ማረፊያ ላይ ሳይቆሙ እንደ መውጣት ነው። የዛሬ ጠላቂዎች ልማድ ለአንድ መጥለቅ ቢያንስ 12 ሰዓት፥ ለተደጋገመ 18 ሰዓት ከአውሮፕላን መቆየት ነው። የደጋ ሐይቅ ጥንቃቄ በሌላም አገር ተጠንቷል፤ በስዊስ አገር ቡልማን የተባለው ሐኪም የተራራ ሐይቆችን ከፍታ በስሌቱ ውስጥ አስገብቶ ልዩ ሠንጠረዥ አውጥቷል።

የሰጠመ ጀልባ ወይም መርከብ ውስጥ መግባት ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተለየ ትምህርት ይጠይቃል። በክፍት ውሃ ያለ ሰው ችግር ቢገጥመው ወደ ላይ መውጣት ይችላል፤ በጣሪያ ሥር ያለ ሰው ግን መጀመሪያ በሩን ማግኘት አለበት። ስለዚህ የሠለጠነ ጠላቂ ከውጭ አስሮ የሚዘረጋውን ገመድ ሳይዝ አይገባም፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲያገለግል ከአንድ በላይ መብራት ይይዛል፤ አየሩንም ሦስት ቦታ ከፍሎ አንዱን እጅ ለመግቢያ፥ አንዱን ለመመለሻ፥ አንዱን ለክፉ ቀን ያኖራል። ብቻውን አይወርድም፤ የተያዘበትን መረብ የሚቆርጥበት ቢላዋ አይለየውም፤ ሲወጣም ትንፋሹን አይዝም፥ የታመቀው አየር ሲሰፋ ሳንባ ይቀድዳልና። ጣና ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ግልገል ዓባይ፥ ጉማራ፥ ርብና መገጭ በክረምት አፈር ስለሚያመጡ ውሃው ይደፈርሳል፤ ከታች ያለውም ጭቃ እግር ሲነካው ተነሥቶ እጅን እንኳ እንዳይታይ ያደርጋል። ጉማሬና የቢልሃርዝያ ሕመምም አሉበት።

ከሆልዴን ሕይወት ተማሪና ወጣት ሹም የሚወስደው ቁም ነገር ይህ ይመስለናል። ሠንጠረዡን ያወጡት ሰው እንደ ተጻፈ የሚታመን ሕግ አድርገው አልሰጡንም፤ ከየት ተነሥተው እንዳሰሉት አሳይተውናል። የመነሻው ቦታ ሲለወጥ ስሌቱም እንደሚለወጥ የሚያስተምረን ራሱ ሥራቸው ነው። ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣን ሠንጠረዥ ገልብጦ፥ ማኅተም አድርጎ ለጣና ጠላቂ መስጠት ቀላል ነው፤ ጠላቂውን ግን አያድነውም። ሠንጠረዡን የሚያውቅ ሰው መቅጠር፥ መሣሪያውን በጣና ከፍታ ማስተካከል፥ ከመውረዱም በፊት ጠላቂው ቢታመም የሚታከምበትን የግፊት ክፍል ወዴት እንደሚያገኝ ማወቅ፥ ይህን ሁሉ ሰው ሳይሰጥም በፊት ማሰናዳት ይገባል። አንድ ቤተ ሰብ በሐይቁ ዳር ቆሞ እያለቀሰ ሲለምን ስሌት ለመጀመር ጊዜ አይኖርም። ሆልዴን የደንዲን አየር በሌሊት እየዞሩ የቀዱት ለዚህ ነበረ፤ የሰው ሕይወት የሚጠበቀው በሚኖርበት ስፍራ ያለው አየር ሲለካ ነው።